ካቡራና የአባባ ጊታሂ ላም

ካቡራ ጋቲሪ መንደር የገባችው በጥር ወር፣ ጎመኑና ካሮቱ በውርጭ ነጭቶ ባደረበት ጠዋት ነበር። የመንደሩ የወተት ማኅበር "የከብት ሐኪም ይላክልን" እያለ ሁለት ዓመት ሙሉ ደብዳቤ ሲጽፍ ኖሯል። ሰዉ በልቡ የሳለው ሐኪም ግን ሌላ ነው፤ ደረቱ የሰፋ፣ ድምፁ የጎረነነ፣ ቢቻል ከፊት ራሰ በራ የሆነ ወንድ። ከወተት መኪናው ላይ የወረደችው የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ ናት። ቀጭን፣ የጎማ ቦቲዋ እስከ ጉልበቷ የዋጣት፣ በአንድ እጇ የመድኃኒት ሳጥን በሌላው ጥቅልል ፍራሽ የያዘች።

ወተት ሊያስረክቡ የተሰለፉት ገበሬዎች እርስ በርሳቸው ተያዩ። ገበያው ዳር ሱቅ ያለው መድኃኒት ሻጩ ምቡጉዋ ዝም ማለት የማይሆንለት ሰው ነውና፣

"ክንዷን አያችሁልኝ? የእኔ ቴርሞሜትር ከዚህ ይወፍራል" አለ።

ሳቁ እስከ መንገዱ ማዶ ተሰማ። ካቡራም ሰምታለች። ፍራሿን ወደ ሌላው ብብቷ አዛውራ፣ ቤት የሚያከራይ ሰው ያውቁ እንደሆነ ጠየቀች።

ያከራየቻት እማማ ዋሩጉሩ የምትባል፣ ምላሷም ልቧም የማያርፍ ባልቴት ናት። ጓሮዋ ካለችው ክፍል በተጨማሪ አንድ ወፍራም ግራጫ ድመት ነበራት፤ ስሙ ሊቀመንበር ነው። ቀን ሙሉ ተኝቶ ውሎ ወተት ሲመጣ ብቻ የሚነሳ ስለሆነ ነው ይህ ስም የወጣለት። የወተት ማኅበሩ ሊቀመንበር ይህንን ሰምተው ለአንድ ወር ያህል ሰላምታ ነስተዋት እንደነበር በኩራት ታወራለች።

የመጀመሪያዎቹ ወራት ከባድ ነበሩ። ላም የታመመበት ሰው ሁሉ እንደ ወትሮው ወደ ምቡጉዋ ይሄዳል። ምቡጉዋ አንድ ቢጫ መርፌ አለችው። ለሳልም እሷን ነው የሚወጋው፣ ለእግርም እሷን፣ አላረግዝ ላለችውም እሷኑ። ከብቱ ከዳነ መርፌዋ አዳነችው ይባላል፤ ከሞተም ዕድሜው ነው ይባላል። ለካቡራ የሚደርሳት ሌላው ነው፤ የሚያነክስ ዶሮ፣ ጆሮው የቆሰለ ጥንቸል፣ ጫካ ገብቶ ጃርት ያጠቃ ውሻ። የመንደሩ አስተማሪ ውሻ አፍንጫና ከንፈር ላይ የተሰካውን የጃርት እሾህ አንድ በአንድ ስትነቅል ግማሽ ቀን ፈጀባት። የትምህርት ቤት ልጆች ከበዋት በአንድ ድምፅ ይቆጥሩ ነበር፤ አርባ ሦስት ሲደርሱ ውሻው እጇን ላሰ። በዚያ ቀን በእግሯ ወደ ቤት ስትመለስ ደስ ብሏት እንደነበር፣ ደስታዋም ራሷን እንዳስገረማት ኋላ ለእማማ ዋሩጉሩ ነግራታለች። አምስት ዓመት ሙሉ ናይሮቢ የተማረችው ለውሻ አፍንጫ አልነበረምና።

ነገር የተለወጠው በድንች መንቀያ ሰሞን ነው።

አባባ ጊታሂ ከሰባ ዓመት በላይ የሆናቸው፣ ሚስታቸው የሞተችባቸው፣ ልጆቻቸው ከተማ የቀሩባቸው ሰው ናቸው። የቀረቻቸው አንዲት ጥቁር ላም ናት፣ ካይሩ የምትባል። ካይሩ የወተት ላም ናት፣ የመንደሩም ሌባ። ያን ቀን ገመዷን በጥሳ ድንች ከተከመረበት ሄደች፤ ትልቁን መርጣ ሳታኝክ ስትውጥ ጉሮሮዋ ላይ ተሰነቀረ። ላም ማግሳት ካልቻለች አየሩ ሆዷ ውስጥ ይታፈናል። ግራ ጎኗ እንደ ከበሮ ተነፋ፣ ዓይኗ ፈጠጠ፣ ለሐጯ መሬት ደረሰ። ምቡጉዋ ተጠርቶ ቢጫዋን መርፌ ወጋት። ድንቹ ንቅንቅ አላለም። አንዱ በዶማ እጀታ እንግፋው አለ፤ ሌላው ሳትሞት ትታረድ ብሎ ባለ ሥጋ ቤቱን ሊጠራ ሄደ።

እማማ ዋሩጉሩ ይህን ስትሰማ ክፍሏ ድረስ ሄዳ ካቡራን ከምሳዋ ላይ አስነሳቻት። አጥሩን አሳልፋ እየጎተተች አመጣቻት ማለት ይቀላል።

ካቡራ ስትደርስ ማንንም አላስፈቀደችም። ከሳጥኗ ወፍራም መርፌ አውጥታ የላሚቱን ግራ ጎን ወጋች፤ አየሩ እንደ ተነፈሰ ጎማ እየሸተተ ወጣ። ከዚያ እጅጌዋን እስከ ትከሻዋ ሰብስባ ምቡጉዋን አየችው።

"አንተ ጠንካራ ነህ። ምላሷን ወደ ጎን ጎትተህ ያዝ። እንዳትለቅ፤ ከለቀቅክ ክንዴ እዚያው ይቀራል።"

በመንጋጋዋ መሐል የእንጨት ቁራጭ አስገቡ። አባባ ጊታሂ ከውጭ በኩል አንገቷን ታቅፈው ድንቹን በሁለት አውራ ጣታቸው ወደ ላይ ገፉ። ካቡራ እጇን ሰደደች። ክንድ፣ ክርን፣ ከክርን በላይ። ወፍራም ክንድ ያለው ሰው ቢሆን የኋላ ጥርሶቿ ጋ ይቆም ነበር፤ የእሷ ግን አለፈ። ላሚቱ ተንደፋደፈች፣ የምቡጉዋ ላብ በአፍንጫው ጫፍ ተንጠባጠበ። ካቡራ ዓይኗን ጨፍና ትፈልጋለች። ቆይታ፣ ክንዷ በደም ተጫጭሮ፣ በለሐጭ የተለወሰ ድንች ይዛ ወጣች። የሰው ጡጫ ያህላል።

ካይሩ አንድ ረጅም ግሳት አገሳች። ከዚያም እንዳልነበረ ሆና የድንቹን ክምር ማየት ጀመረች።

አባባ ጊታሂ ድንቹን ከካቡራ እጅ ተቀብለው በኮታቸው ጫፍ አባበሱትና ኪሳቸው ከተቱት።

"ምን ሊያደርጉት ነው አባባ?"

"ልዘራው ነዋ። እንዲህ የሚሰነቀር ዘር ከየት ይገኛል?"

ከተጠራው ባለ ሥጋ ቤት ጀምሮ ሁሉም ሳቀ። ምቡጉዋም ሳቀ፤ በማግስቱ ግን ሱቁ በር ላይ ቆሞ፣ ምላሷን የያዘው እሱ ባይሆን ኖሮ ክንዷ አብሮ ይዋጥ እንደነበር ለመጣው ሁሉ ሲያወራ ዋለ። ካቡራ ይህን ስትሰማ ሄዳ አመሰገነችው። እውነት ነው፣ ይዞላት ነበር። ከዚያ ወዲህ ቢጫዋን መርፌ ከመውጋቱ በፊት እየደወለ ይጠይቃት ጀመር። አንዳንዴ ይጨቃጨቃሉ፤ ግን ይደውላል።

"ዳክታሪ"፣ ሐኪም እንደማለት፣ የሚለው ስም ከዚያ ቀን ወዲህ ነው የጸናላት። በሁለት ዓመት ውስጥ ካቡራ የማታውቀው በረት አልነበረም። አሮጌ ሞተር ብስክሌት ገዛች። ማክሰኞ ማክሰኞ፣ ወደ ላይኛው ሰፈር ስትወጣ፣ አባባ ጊታሂ ዘንድ ጎራ ብላ በወተት የፈላ ሻይ ትጠጣለች። እሳቸውም ስለ ባለቤታቸው ያወሯታል። የካይሩን አያት ከወላጆቿ ቤት ይዛ የመጣችው ባለቤታቸው ነበረች፤ በሞት አልጋዋ ላይ ሆና የመጨረሻ ቃሏ "ላሟን አደራ" የሚል ነበር። አደራ የተባሉ ሰው ደግሞ እንደ አደራቸው ነው የያዟት። በብርድ ጊዜ የገዛ ብርድ ልብሳቸውን ያለብሷታል፤ ጠዋት ጠዋት፣ ሰው ከሌለ፣ የሌሊቱን ሕልማቸውን ይነግሯታል።

በሦስተኛው ዓመት ካይሩ የሰባት ወር ጽንስ ጣለች። እንግዴ ልጁም አልወርድ አለ። አባባ ጊታሂ ደውለው ዳክታሪ ድረሺልኝ አሉ። ካቡራ ስትደርስ ሳጥኗን ከፈተች፤ የረጅም ጓንቱ ካርቶን ባዶ ነው። ከተማ ሄዶ ለመምጣት የቀኑ ግማሽ ይጠፋል፣ ላሚቱ ደግሞ ትኩሳት ጀምሯታል። እጇን በሳሙና ታጥባ፣ ዘይት ተቀብታ እንግዴ ልጁን በባዶ እጇ አወጣች። ከጓንት በፊት የነበሩ ሐኪሞች ሁሉ እንዲህ ነበር የሚሠሩት ብላ ራሷን አጽናናች። አንጓዋ ላይ በዋዜማው አጥር የጫራት ቁስል ነበረች፤ ትንሽ ናት፣ ልብም አላለቻት።

ከላሚቱ ደም ወስዳ ለምርመራ ላከች። መልሱ ከሦስት ሳምንት በኋላ መጣ፤ የውርጃ በሽታ። መድኃኒት የሌለው፣ በእንግዴ ልጅና በወተት ከላም ወደ ላም፣ ከላም ወደ ሰው የሚሻገር። የተያዘች ላም ከመንጋ ወጥታ መታረድ አለባት።

ካቡራ ወረቀቱን ይዛ ስትሄድ አባባ ጊታሂ ካይሩን በብሩሽ እያሻሹ ነበር። ዙሪያ ጥምጥም ሳትሄድ ነገረቻቸው። ወተቷን ሳያፈሉ እንዳይቀምሱ፣ ለማኅበሩም እንዳያስረክቡ፣ ከጎረቤት ኮርማ ጋር እንዳያገናኟት ለመነቻቸው። እሳቸው ብሩሹን አላስቀመጡም።

"ከጉሮሮዋ ገብተሽ ያተረፍሻት አንቺ ነሽ" አሉ። "አሁን ደግሞ አንቺው ነሽ ፍርድ ይዘሽ የመጣሽው?"

"አባባ፣ ወረቀቱን የጻፍኩት እኔ አይደለሁም።"

"ያመጣሽውስ? በይ ሂጂ። ሻይ የለም ዛሬ።"

በሩን ዘጉ። ማክሰኞ መጣ፣ ሌላ ማክሰኞም መጣ፤ በሩ እንደተዘጋ ነው። የላሚቱን ወተት ማስረከብ ግን በዚያው ቀን አቆሙ። ያንን ያዩ ሰዎች ነገሩ ገብቷቸዋል፣ እልህ ነው የያዛቸው አሉ። ካቡራ ለወረዳው ብታመለክት ላሚቱን በግድ ያስወስዱላት ነበር። ሁለት ጊዜ ደብዳቤውን ጽፋ ሁለቴም ቀደደችው። አንዲት ላም በአንድ አጥር ውስጥ እስካለች ድረስ ጥቂት ሳምንት ልታገስ አለች።

በዚህ መሐል እሷ ራሷ መታመም ጀመረች። ጠዋት ደህና ናት። ማታ ማታ ትኩሳቱ ይነሳል፣ ላቡ አንሶላዋን ያርሰዋል፣ ወገቧና ዳሌዋ ተቆርጦ የወደቀ ይመስላታል። የመንደሩ ጤና ጣቢያ ታይፎይድ ነው ብሎ ክኒን ሰጣት፤ አልሻላትም። ሞተር ብስክሌቷን ማስነሳት ሲያቅታት፣ አጥር ጥግ ተቀምጣ አንጓዋ ላይ የነበረችውን የሻረች ጭረት ስታያት ቆየች። ከዚያ ከተማ ወርዳ፣ የላሟን ምርመራ ለራሷ እንዲያደርጉላት ጠየቀች። አንድ ዓይነት በሽታ ነው። ለሰው ግን መድኃኒት አለው፤ ስድስት ሳምንት ሳያቋርጡ የሚወስዱት።

ያወቀችው እማማ ዋሩጉሩ ብቻ ናት፤ ያወቀችውም አንሶላውን የምታጥበው እሷ ስለሆነች ነው። ካቡራ ለማንም እንዳትናገር አስማለቻት።

"ለምንድነው የምትደብቂው?" ብላ ተቆጣች እማማ ዋሩጉሩ። "ይህ ሽማግሌ ይወቀው እንጂ!"

"ቢያውቁ በጸጸት ይሞታሉ። ብቸኛ ሰው ናቸው። ላሟንም በእኔ የተነሳ ቢሰጡ፣ ዕድሜ ልካቸውን ሲያዩኝ እሷን ነው የሚያዩት።"

እማማ ዋሩጉሩ ማለች። ምስጢሩንም ዘጠኝ ቀን ጠበቀች፤ ለእሷ ይህ የዘጠኝ ዓመት ያህል ነው። በአሥረኛው ቀን ወንፊት ልዋስ ብላ አባባ ጊታሂ ዘንድ ሄደች። ወንፊት እንዳላት አገር ያውቃል።

በማግስቱ ጠዋት አባባ ጊታሂ የቤተ ክርስቲያን ኮታቸውን ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው የካቡራን በር አንኳኩ። ካቡራ በብርድ ልብስ ተጠቅልላ ተቀምጣ ነበር፣ ሊቀመንበር እግሯ ላይ ተኝቷል። ልትነሳ ስትል በእጃቸው ከለከሏት።

"እጅሽን አሳዪኝ።"

ዘረጋችላቸው። ሽማግሌው እጇን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ መነጽር ስለሌላቸው ወደ ብርሃኑ አዞሩት።

"በዚህ ነው የገባው?"

"አባባ፣ ጓንት አልቆብኝ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው።"

"ጥፋተኛ ፍለጋ አልመጣሁም። ጥፋተኛ ከተፈለገ እኔ ጋ አለልሽ፣ ሩቅ አያስኬድም።" እጇን ሳይለቁ ቀጠሉ። "ለምን አልነገርሽኝም?"

"ላሟ አደራ ናት ብለውኛል። የባለቤትዎ።"

አባባ ጊታሂ ድመቱን ከእግሯ ላይ አንስተው መሬት አስቀመጡትና እግሯ አጠገብ ተቀመጡ።

"ሚስቴ ላሟን አደራ ያለችኝ እኔን ስለምታውቀኝ ነው። የሚያስነሳኝ ነገር ከሌለ ከአልጋዬ እንደማልወርድ ታውቃለች። ለላሟ አይደለም ያሰበችው፣ ለእኔ ነው። ሰው ይታመምባት ብላ ግን አላዘዘችም። ይህንን ብትሰማ ከመቃብሯ ተነስታ በማማሰያ ነበር የምትለኝ።"

ካቡራ ሳቀች፣ ከዚያ እንባዋ መጣ። ሁለት ወር ሙሉ አላለቀሰችም ነበር። ሽማግሌው ኪሳቸው ውስጥ መሐረብ ፈልገው አጡ፤ ባርኔጣቸውን ሰጧት።

ካይሩን የወሰዷት ራሳቸው ናቸው። የቄራው መኪና የሚቆመው ዋናው መንገድ ላይ ነው፣ ከቤታቸው የሰዓት መንገድ። ጠዋት አጠቧት፣ አበጠሯት። አላሰሯትም። ከፊት ከፊት እየሄዱ ድንች እንደ አውራ ጣት እየቆረጡ ያጎርሷታል፣ እሷም ትከተላለች። ምቡጉዋ ሱቁን ትቶ ከኋላ ተከተላቸው፤ አንድ ቃል ሳይናገር። ይህም የሆነው በሕይወቱ ያን ቀን ብቻ ነው ይባላል። መኪናው ላይ ስትወጣ አባባ ጊታሂ ግንባሯን ነክተው የሆነ ነገር ነገሯት። ምን እንዳሏት ማንም አልሰማም።

ቤታቸው የተመለሱ መስሏቸው የነበሩ ሰዎች የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ፊት ቆመው አገኟቸው። ወተት ሊያስረክብ የተሰለፈውን ሰው ሁሉ እያስቆሙ፣ በሽታው ከእሳቸው ላም እንደወጣ፣ ዳክታሪን ያሳመማትም እሱ እንደሆነ፣ እሳቸው እልህ ይዟቸው ሁለት ወር እንደከረሙ ተናገሩ። ኩሩ ሰው ናቸው፤ በመንደሩ ይቅርታ ሲጠይቁ ያያቸው አልነበረም። ካቡራ መነሳት ስትችል ከበረት በረት ይዘዋት የዞሩም እሳቸው ናቸው። አላስመረምርም የሚል ሲገጥማቸው አይከራከሩም፤ በሩ ላይ ይቀመጣሉ። ሽማግሌ በሩ ላይ አስቀምጦ ምሳ የሚበላ ሰው ደግሞ ጋቲሪ ውስጥ የለም።

ምቡጉዋ የከብቶቹን ራስ ይይዛል፤ ካቡራ ከአንገታቸው ደም ትቀዳለች። በነጭ የሸክላ ሰሌዳ ላይ ከደሙ የጠለለውን ፈሳሽ ከከተማ ካስመጣችው የመመርመሪያ ሮዝ ቀለም ጋር ታዋህደዋለች፤ ላሟ ጤነኛ ከሆነች ፈሳሹ ለስላሳ ሆኖ ይቀራል፣ ከታመመች እንደ ተበላሸ ወተት ይቋጠራል። የላሟ ባለቤት ከትከሻዋ በላይ አጮልቆ ያያል። ከሁለት መቶ ከሚበልጡ ላሞች የዘጠኙ ተቋጠረ። ዘጠኝ ቤት ውስጥ ለቅሶ ነበር፣ እውነተኛ ለቅሶ። ማኅበሩ ከየቤቱ የወተት ገንዘብ አዋጥቶ ለዘጠኙም፣ ለአባባ ጊታሂም ጊደር ገዛ።

ካቡራ ዳነች። ዳሌዋ ግን በብርድ ወራት አሁንም ይይዛታል፤ ከሞተር ብስክሌቷ ስትወርድ ጥቂት ታነክሳለች። ከዓመት በኋላ ናኩሩ ከተማ፣ ሙቅ ቢሮ ያለው ሥራ መጥቶላት ነበር። ሄዳ አንድ ሳምንት አየችው። ስለ ሥራው ክፉ አልተናገረችም፤ ብቻ ቅዳሜ ተመልሳ መጣች። እማማ ዋሩጉሩም ክፍሉን ለሌላ ሳታከራይ፣ ፍራሹን ፀሐይ ላይ አስጥታ ጠበቀቻት።

አሁን ጋቲሪ ከገባች አሥራ አራተኛ ዓመቷ ነው። በየዓመቱ ለጊደሮች ክትባት ስትሰጥ ሰልፉ እስከ ትምህርት ቤቱ ይደርሳል፤ ከጊደር ጋር ፍየሉን፣ ውሻውን፣ በቅርጫት ድመቱን የሚያመጣም አለ። ምቡጉዋ ሁለት ዓመት ከተማ ተመላልሶ የረዳትነት ወረቀት አገኘ፤ ወረቀቱን በመስታወት አስገብቶ ሱቁ ውስጥ፣ ከራሱ በላይ ሰቅሎታል። አባባ ጊታሂ ዕድሜያቸው ገፍቷል፣ ጆሯቸውም ደክሟል። ማኅበሩ የገዛላቸው ጊደር አሁን ሰባት ጊዜ ወልዳለች። ከእሷ ጋር ይጣላሉ፣ ትራገጣለች፣ ጠባይ የላትም እያሉ በየቀኑ ይከሷታል፤ ግን ሲነጋ የሚነሱት ለእሷ ነው።

ባለፈው ማክሰኞ ካቡራ እሳቸው ዘንድ ተቀምጣ ሻይ ከመቅመሷ ስልኳ ጮኸ። ካሮት ማጠቢያው ጋ አህያ ጉድጓድ ገብታለች። ቦቲዋን እየሳበች ተነሳች።

"ሻይሽስ?" አሉ አባባ ጊታሂ።

"ይክደኑልኝ አባባ። እመለሳለሁ።"

"አህያዋ ትጠብቅሽ እንጂ። የት ትሄዳለች፣ ጉድጓድ ውስጥ ናት" አሉ። ቢሆንም ኩባያውን በሳህን ከድነው እሳቱ አጠገብ አስቀመጡላት።